የዘረመል ማብሪያና ማጥፊያ፦ ከባሕር ጃርት ጽንስ እስከ ጌጫ የጫካ ቡና

ኢትዮጵያ የአረቢካ ቡና መገኛ መሆኗ በትምህርት ቤት መጻሕፍት፣ በንግድ ማስታወቂያዎችና በበዓላት ንግግሮች ሲደጋገም እንሰማለን። አባባሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ለክብር መግለጫነት ስለሆነ በውስጡ ያለው ሳይንሳዊ ጥያቄ ተዘንግቶ ይቀራል። ለመሆኑ በሸካ፣ በቤንችና በከፋ ደኖች ውስጥ ተጠብቆ የኖረው ሀብት በትክክል ምንድን ነው? ዘሩ ነው? ዘረመሉ ነው? ወይስ ከእነዚህ የጠለቀ ሌላ ነገር አለ?

በዚህ ጽሑፍ ለአንባቢያን ለማስረዳት የምንሞክረው ነጥብ አንድ ነው። በጫካ ቡናችን ውስጥ ካለው ሀብት ትልቁና ገና ያልተነበበው ክፍል ዘረመሎች መቼ፣ የትና ምን ያህል እንዲሠሩ የሚወስነው የቁጥጥር ሥርዓት ነው ብለን እናምናለን። ይህ ሥርዓት ደግሞ በአንድ ማሳ ላይ በተሰበሰቡ ዛፎች ወይም በኮምፒውተር በተመዘገበ የዲ.ኤን.ኤ. ቅደም ተከተል ብቻ ተጠብቆ ሊቆይ አይችልም። ደኑ ራሱ በየከፍታው በሕይወት መኖር አለበት። ለምን እንዲህ እንደምንል ለማስረዳት ግን ከቡና ጥቂት ራቅ ብለን ወደ ባሕር መውረድ ይኖርብናል፤ ስለ ዘረመል ቁጥጥር ዛሬ ከምናውቀው ብዙውን ያስተማረን ትንሽ የባሕር እንስሳ ነውና።

ዘረመል እንዴት ይታዘዛል?

የአንድ እንስሳ ወይም የአንድ ተክል ሕዋሳት፣ ከጥቂት ልዩነቶች በስተቀር፣ ተመሳሳይ ዲ.ኤን.ኤ. እንደሚይዙ የታወቀ ነው። በቡና ዛፍ ሥር ውስጥ ያለ ሕዋስም ሆነ በአበባው ውስጥ ያለ ሕዋስ የያዙት መጽሐፍ አንድ ነው፤ የሚለያዩት በሚነበብላቸው ገጽ ነው። በሥሩ ውስጥ የሚነበቡት ዘረመሎች በአበባው ውስጥ ይዘጋሉ፤ በአበባው ውስጥ የሚነበቡትም በሥሩ ውስጥ ይተኛሉ።

ይህን የሚወስነው ምንድን ነው? ከዘረመሉ አጠገብ፣ አንዳንድ ጊዜም ከእርሱ ርቆ፣ ራሱ ፕሮቲን የማይሠራ ነገር ግን ትእዛዝ የሚቀበል የዲ.ኤን.ኤ. ክፍል ይገኛል። ሌሎች ዘረመሎች የሚሠሯቸው ተቆጣጣሪ ፕሮቲኖች በዚህ ክፍል ላይ እየተቀመጡ ዘረመሉን ያነቁታል ወይም ያስተኙታል። በቤታችን ግድግዳ ላይ ካለው የመብራት ማብሪያና ማጥፊያ ጋር ልናመሳስለው እንችላለን። ልዩነቱ ግን አንዱን ዘረመል ለማብራት ብዙ እጆች በአንድነት መስማማት ያለባቸው መሆኑ ነው። የመብራቱም ድምቀት ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል።

የባሕር ጃርት ኳስ የመሰለ አካሉ በእሾህ የተሸፈነ፣ በባሕር ወለል ላይ የሚኖር እንስሳ ነው። ለጽንስ ጥናት ተመራጭ ያደረጉት ባሕርያት አሉት፤ እንቁላሎቹ እጅግ ብዙ ናቸው፣ በብርጭቆ ውስጥ ባለ የባሕር ውኃ ይዳብራሉ፣ ጽንሱም አሳላፊ ስለሆነ የሕዋሳቱ አከፋፈል በማይክሮስኮፕ በግልጽ ይታያል። ጀርመናዊው ቴዎዶር ቦቬሪ በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ ለጽንስ ትክክለኛ እድገት የተሟላ የክሮሞዞም ስብስብ አስፈላጊ መሆኑን ያሳየው በዚሁ እንስሳ እንቁላሎች ላይ በሠራው ሙከራ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1969 ሮይ ብሪተንና ኤሪክ ዴቪድሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የከፍተኛ ሕያዋን ዘረመሎች በመረብ ተሳስረው አንዱ ሌላውን እንደሚያዝዙ የሚገልጽ ንድፈ ሐሳብ አቀረቡ። በወቅቱ ይህን በቀጥታ የሚያረጋግጥ መሣሪያ አልነበረም። ዴቪድሰን ግን ቀሪ ዘመኑን በባሕር ጃርት ጽንስ ላይ አሳለፈ። እ.ኤ.አ. በ1998 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጥናት የአንድ ዘረመል ማብሪያ የሚቀበላቸውን ልዩ ልዩ ምልክቶች እየደመረና እያቀናነሰ እንደ ሒሳብ ማሽን ውሳኔ እንደሚሰጥ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2002 የጽንሱን የዘረመል መረብ የሚያሳይ ካርታ ታተመ። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ የባሕር ጃርት ሙሉ ጂኖም ተነብቦ ወደ 23,300 የሚጠጉ ዘረመሎች እንዳሉት ተገለጸ። አእምሮና አከርካሪ የሌለው ይህ እንስሳ በዘረመል ብዛት ከሰው ልጅ አለማነሱ ብዙዎችን ያስገረመ ነበር።

ለጉዳያችን ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የባሕር ጃርትና ዘመዱ የባሕር ኮከብ ሲነጻጸሩ የተገኘው ውጤት ነው። ሁለቱ ከአንድ የጥንት ዘር ከተለያዩ ወደ 500 ሚሊዮን ዓመት ይሆናቸዋል። ሁለቱም አድገው ሲጎለምሱ ከካልሲየም ውሁድ የተሠራ አጽም ያወጣሉ። በእጭነት ዘመን ግን ይለያያሉ። የባሕር ጃርት እጭ ቀጫጭን የአጽም ዘንጎች ሲኖሩት የባሕር ኮከብ እጭ አንድም የለውም። ይህን ልዩነት ለመፍጠር የባሕር ጃርት አዲስ የአጽም ዘረመሎችን መፍጠር አላስፈለገውም። በጎልማሳው ውስጥ ይሠራ የነበረው የዘረመል ስብስብ በጽንሱ የመጀመሪያ ሰዓታት እንዲበራ የሚያደርግ የማብሪያ ለውጥ ተከሠተ፤ የሰዓቱ መለወጥ ለእጩ አዲስ አካል ሰጠው። የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪዎች ዛሬ በሰፊው የሚስማሙበት ትምህርት ከዚህና ከመሰል ጥናቶች የተገኘ ነው፤ ሕያዋን እርስ በርስ የሚለያዩት በያዟቸው ዘረመሎች ብቻ ሳይሆን በአጠቃቀማቸውም ጭምር ነው።

ወተትና ማብሪያው

ይህ ነገር በባሕር ውስጥ ብቻ የሚታይ እንዳይመስል ከአገራችን ሰዎች አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ላክቴዝ የተባለው ኤንዛይም የወተትን ስኳር ያፈጫል። በአብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ጡት ከመጣል በኋላ ይህን ኤንዛይም የሚሠራው ዘረመል ይዳከማል። ከብትና ግመል አርብተው ወተት ሲጠጡ በኖሩ ሕዝቦች ዘንድ ግን ብዙ ሰዎች እስከ እርጅና ድረስ ዘረመሉ አይጠፋባቸውም። ለውጡ የተገኘው በላክቴዝ ዘረመል ውስጥ ሳይሆን 14,000 ያህል የዲ.ኤን.ኤ. ፊደላት ርቆ፣ በጎረቤት ዘረመል ውስጥ ተደብቆ በሚገኝ ማብሪያ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር እንዳሻው በቀለ የተሳተፉበት ጥናት በኢትዮጵያውያን ዘንድ ይህ ማብሪያ በአንድ ዓይነት ለውጥ ብቻ ሳይሆን በተለያዩ በርካታ ለውጦች እንደተስተካከለ አሳይቷል። በሰሜን አውሮፓ አንድ ለውጥ ጎልቶ ሲገኝ በእኛ አገር ብዙዎቹ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ስለዚህ አንድን ማብሪያ ተፈጥሮ በብዙ መንገድ ልትለውጠው እንደምትችል ማስረጃው በራሳችን ደም ውስጥ አለ ማለት ነው። ይህን ይዘን ወደ ቡናችን እንመለስ።

ሁለት ጂኖም በአንድ ዛፍ

አረቢካ ቡና ከሌሎች የቡና ዝርያዎች ለየት የሚያደርገው ታሪክ አለው። ሌሎቹ 22 ክሮሞዞም ሲኖራቸው እርሱ 44 አለው። ይህ የሆነው ሮቡስታ በሚባል ስም የምናውቀው ዝርያ፣ ማለትም ካኔፎራ፣ እና ዩጂንዮይድስ የተባለ ሌላ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ዝርያ በተፈጥሮ ተዳቅለው የሁለቱም ጂኖም ሳይቀነስ በአንድ ዛፍ ውስጥ ስለተደመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመ ሰፊ የጂኖም ጥናት መሠረት ይህ መዳቀል የተከሠተው ከ350,000 እስከ 610,000 ዓመታት ገደማ በፊት ነው። በዚያን ዘመን ቡና የሚለቅምም ሆነ የሚቆላ ሰው አልነበረም።

ከዚህም የተነሣ እያንዳንዱ የአረቢካ ዛፍ ለአብዛኛው ሥራው ከሁለት ወላጆች የተወረሱ ሁለት ዘረመሎችና ሁለት የማብሪያ ሥርዓቶች አሉት። አንዱ ወላጅ የሞቃታማ ቆላ ተክል ነው፤ ሌላው ቀዝቀዝ ያለ ከፍታን የሚወድ ነው። ታዲያ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት አዛዦች ሲኖሩ የሚታዘዘው የማን ነው?

የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጥያቄ አስደናቂ መልስ ሰጥቷል። አረቢካንና ሁለቱን ወላጆቹን በሁለት የሙቀት ሁኔታዎች አሳድገው ከ15,000 በላይ የሆኑ ዘረመሎችን የሥራ መጠን ለኩ። በአንደኛው ሁኔታ ቀን 26 ሌሊት 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በሁለተኛው ቀን 30 ሌሊት 26 ዲግሪ ነበር። በአብዛኞቹ ንጽጽሮች ከ35 በመቶ በላይ የሆኑት ዘረመሎች በዝርያዎቹ መካከል የተለያየ የሥራ መጠን አሳዩ። በሞቃታማው ሁኔታ ግን አረቢካ ከካኔፎራ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ከ9 በመቶ በታች ወረደ። ሙቀቱ ሲጨምር የአረቢካ ዘረመሎች አሠራር የቆላውን ወላጅ አሠራር መሰለ ማለት ነው። ከዲ.ኤን.ኤ.ው አንድም ፊደል አልተለወጠም፤ የተለወጠው ትእዛዙ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን አጣምረን ልናይ ይገባል። ከላይ የጠቀስነው የ2024ቱ ጥናት የአረቢካ የዘረመል ብዝኃነት ከሌሎች ሰብሎች አንጻር ጠባብ መሆኑን፣ በሁለቱ ንዑስ ጂኖሞች መካከልም አንዱ በሌላው ላይ ጠቅላላ የበላይነት እንደሌለው አመልክቷል። ዛፉ በአብዛኛው በራሱ የአበባ ብናኝ የሚዳብር መሆኑም ለብዝኃነቱ መጥበብ አንዱ ምክንያት ነው። ነገር ግን ይህ በፊደል ጠባብ የሆነ ተክል በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን ውስጥ ከ1,000 እስከ 2,000 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ ላይ፣ በልዩ ልዩ ጥላ፣ ዝናብና ሙቀት ሥር ይኖራል። ይህን ሁሉ እንዴት ቻለው? ከመልሱ አንዱ ክፍል የሁለቱን ወላጆች ትእዛዝ እንደ አስፈላጊነቱ የሚያፈራርቀው የቁጥጥር ሥርዓት ነው ብሎ ማሰብ ምክንያታዊ ነው።

ለአርባ ዓመታት ያልታየችው ቡና

የማብሪያ ለውጥ ምን ያህል ዋጋ ሊኖረው እንደሚችል የሚያሳይ ታሪክ ከራሳችን ደን ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ያሰማራው የልዑካን ቡድን በኢትዮጵያ የቡና አካባቢዎች እየተዘዋወረ ዘር ሰበሰበ። ዘሩ ለተለያዩ አገሮች የምርምር ማዕከላት ተከፋፍሎ ከጊዜ በኋላ ብራዚል ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2004 የብራዚል ተመራማሪዎች የኢትዮጵያ ምንጭ ያላቸውን ወደ 3,000 የሚጠጉ ዛፎች አንድ በአንድ መርምረው በተፈጥሯቸው ካፌይን የለሽ ሊባሉ የሚችሉ 3 ዛፎችን ማግኘታቸውን በኔቸር መጽሔት አስታወቁ። ጉዳዩ በወቅቱ በአገራችን የባለቤትነት ጥያቄ አስነሥቶ ነበር።

የእነዚህ ዛፎች ምሥጢር ምን ነበር? ቡና ካፌይንን የሚሠራው ደረጃ በደረጃ ነው። በመጨረሻው ደረጃ ቴኦብሮሚን የተባለው ንጥረ ነገር በካፌይን ሲንቴዝ ኤንዛይም አማካይነት ወደ ካፌይን ይለወጣል። በተገኙት ዛፎች ውስጥ ቴኦብሮሚን ተከማችቶ ቀርቷል፤ የመጨረሻው በር ተዘግቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ተከታይ ጥናት ከሦስቱ በአንደኛዋ ዛፍ ውስጥ የካፌይን ሲንቴዝ ዘረመል የሥራ መጠን የተለወጠ መሆኑን አሳየ። በባሕር ጃርት ጽንስ ከተማርነው ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ የአንድ ዘረመል የመብራት ድምቀት ሲለወጥ የፍሬው ጠባይ አብሮ ተለወጠ።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዘሩን የሰበሰቡት ሰዎች በእጃቸው ምን እንደያዙ አላወቁም ነበር። ዋጋው የታወቀው ከአርባ ዓመት በኋላ፣ ያውም ሺህ ዛፎችን የመረመረ ቤተ ሙከራ ስለነበረ ነው። ሁለተኛ፣ ያ ቤተ ሙከራ የእኛ አልነበረም። ደኑ እኛ ዘንድ ሆኖ ንባቡ ሌላ ዘንድ ሲካሄድ የምናገኘው ጥቅምም ሆነ ዕውቀት በሌሎች መልካም ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወጥቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታ ሪካ በኩል ፓናማ የደረሰው የጌሻ ቡና ታሪክም ከዚህ ጋር የሚዛመድ ነው። በፓናማ ለብዙ ዓመታት ትኩረት ሳያገኝ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2004 በአገሪቱ የቡና ውድድር አሸንፎ በዓለም ገበያ ስሙ ገነነ። ጣዕሙ ጎልቶ የታወቀው በከፍታ ቦታ ላይ የበቀለው ለብቻው ተለይቶ ሲቀመስ ነበር። ያው ዛፍ፣ ያው ዘረመል፣ ሌላ ከፍታ፤ ውጤቱ ግን ሌላ ቡና።

ከጌጫ እስከ ቴፒ ያለው የተፈጥሮ ቤተ ሙከራ

ከጎሬ ተነሥቶ በማሻና በጌጫ በኩል ወደ ቴፒ የሚወርደውን መንገድ የሄዱበት ሰዎች የአየሩን ለውጥ በአካላቸው ያውቁታል። በጌጫ ዙሪያ በአንድራቻ ወረዳ ደጋማ ክፍል ጭጋግና ብርድ፣ እንሰትና ቀርከሃ ይገኛል። መንገዱ እየወረደ ሲሄድ ሙቀቱ ይጨምራል፤ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው ቴፒ ስንደርስ ቅመማ ቅመም የሚበቅልበት ሞቃትና ርጥብ አየር ይቀበለናል። ከዚያም በሸኮ በኩል ወደ ሚዛን ተፈሪ ሲታለፍ የብርሃነ ኮንትር የጫካ ቡና፣ ወደ በበቃ ሲወረድ ደግሞ ሰፊው የቡና እርሻ ይገኛል። አየሩ በየ100 ሜትር ከፍታ በአማካይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ወይም ከዚያ ጥቂት በለጥ ብሎ እንደሚቀዘቅዝ ካሰብን፣ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በእድገት ክፍል ውስጥ በመሣሪያ የፈጠሩትን የሙቀት ልዩነት ተፈጥሮ በዚህ አንድ መንገድ ላይ ዘርግታዋለች።

ነገር ግን በአንድ ክፍል ውስጥ የተፈተሹ ጥቂት ተክሎች በመቶ ሺህ ዓመታት የተፈተነውን የጫካ ቡናችንን ሊወክሉ አይችሉም። በከፍታው ጫፍ ላይ ያለው የጫካ ቡና ማብሪያ ከቆላው የጫካ ቡና ማብሪያ ይለያል? አንዱ የሌላው ቦታ ላይ ቢተከል የትኞቹ ዘረመሎች ይነቃሉ፣ የትኞቹስ ይተኛሉ? ሙቀት በጨመረበት ዓመት ፍሬው ቶሎ ሲበስል የጣዕሙን ንጥረ ነገሮች የሚሠሩት ዘረመሎች ምን ይሆናሉ? እነዚህ ጥያቄዎች የሚመለሱት ዛፎቹ ባሉበት ቦታ ነው።

ጊዜው ደግሞ ረጅም አይደለም። ዶክተር ታደሰ ወልደማርያም ጎሌ የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የትንበያ ጥናት ለዱር አረቢካ ተስማሚ የሆኑ ቦታዎች እ.ኤ.አ. እስከ 2080 ድረስ በተሻለው ግምት በ65 በመቶ፣ በከፋው ግምት ደግሞ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ሊቀንሱ እንደሚችሉ አሳስቧል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሌላ ጥናት ምንም እርምጃ ካልተወሰደ አሁን ቡና ከሚመረትበት የአገሪቱ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል ገልጾ፣ እርሻውን ወደ ከፍታ በማዛወር ግን ጉዳቱን መቀነስ ብቻ ሳይሆን ተስማሚውን መሬት ማስፋትም እንደሚቻል አክሏል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የዱር አረቢካ ለመጥፋት ከተጋለጡ ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ ገባ።

ወደ ከፍታ መውጣት የሚለው ምክር ሲሰማ ቀላል ይመስላል። በሸካ ግን ከፍታው ባዶ መሬት አይደለም፤ ደን ነው፣ የእንሰት ጓሮ ነው፣ የሰው ርስት ነው። ለቡና ተብሎ የደጋው ደን ቢመነጠር ቡናውን የሚያድነውን ጥላና ዝናብ ማጣት ይሆናል። ስለዚህ የትኛው የጫካ ቡና የትኛውን ሙቀት በምን ዓይነት የቁጥጥር ስልት እንደሚቋቋም ማወቅ ለአርሶ አደሩ የቅንጦት ዕውቀት አይደለም። የትኛውን ችግኝ የት እንደሚተክል የሚወስንበት ዕውቀት ነው።

ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

አንዳንድ ባለሙያዎች፣ "በጅማ አቅራቢያ በጮጬ በሺዎች የሚቆጠሩ የቡና ናሙናዎች የተተከሉበት የመስክ ዘረመል ባንክ አለን፤ ጂኖሙም ተነብቧል፤ ለምን ደኑን ጭምር?" ሊሉ ይችላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የቡና ዘር እንደ ስንዴና እንደ ጤፍ ደርቆ በቀዝቃዛ ክፍል ለረጅም ዘመን መቀመጥ ስለማይችል የመስክ ባንኩ ታላቅ ሥራ ሠርቷል፤ ሊደገፍም ይገባዋል።

ሆኖም የመስክ ባንክ ዛፎቹን ሁሉ በአንድ አየርና በአንድ አፈር ላይ ያኖራል። አንድ ዛፍ በዚያ ቦታ የሚያሳየን ከሚችላቸው ብዙ መልኮች አንዱን ነው። ዝግመተ ለውጥም በዚያ ይቆማል፤ አዲስ ችግኝ ከአዲስ በሽታና ከአዲስ ሙቀት ጋር እየታገለ አይመረጥም። የጂኖም ንባቡም ቢሆን የፊደላቱን ቅደም ተከተል እንጂ የትኛው ማብሪያ በየትኛው ቀን እንደሚበራ አይነግረንም። በባሕር ጃርት ላይ ዴቪድሰንና ባልደረቦቹ አሥርተ ዓመታትን የፈጀባቸው ይህን ለማወቅ ነበር። የነበራቸውም በሕይወት ያለ ጽንስ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ብቻውን አልበቃቸውም።

የራሳችን ታሪክም ይህን ይደግፋል። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን ሲከሠት መፍትሔ የተገኘው ከውጭ በመጣ ዝርያ አልነበረም። የጅማ ተመራማሪዎች በየጫካውና በየእርሻው ገብተው በሽታው ያልበገራቸውን ዛፎች መረጡ። ዛሬም ድረስ አርሶ አደሩ በቁጥር የሚጠራቸው 74110፣ 74112 እና 74165 ከኢሉባቦር የተመረጡ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች የተመረጡበትን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. 1974ን፣ ያመለክታሉ። በዚያ ጊዜ ደኑ ባይኖር ኖሮ የሚመረጥ ነገር አይኖርም ነበር።

ምን ይደረግ?

በእኛ እምነት ሦስት ነገሮች ሊታሰብባቸው ይገባል።

አንደኛ፣ ጥበቃው ከፍታን የተከተለ ይሁን። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የከፋንና የያዩን፣ በ2012 ደግሞ የሸካን ደን የባዮስፌር ክልል አድርጎ መዝግቧል። ምዝገባው መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን የጫካ ቡና ከቆላው እስከ ደጋው ሳይቆራረጥ እንዲኖር ካልተደረገ በየቦታው የተነጣጠሉ የደን ቁራጮች ብቻ ይቀሩናል። የሁለቱን ጫፎች ዛፎች ማጣት፣ ማለትም እጅግ ሞቃቱን የሚችለውንና እጅግ ቀዝቃዛውን የሚችለውን ማጣት፣ ከመካከለኛው ይልቅ የሚጎዳን ይመስለናል።

ሁለተኛ፣ ንባቡ በአገር ቤት ይጀመር። የጅማና የቴፒ የግብርና ምርምር ማዕከላት በልዩ ልዩ ከፍታ ላይ የተተከሉ ቡናዎች አሏቸው። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በጫካ ቡናው መካከል ይገኛል። ከደጋው የተወሰደ ችግኝ በቆላ፣ ከቆላው የተወሰደ በደጋ ተተክሎ ቅጠሉ በየወቅቱ ቢሰበሰብና መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ.ው ቢለካ ለብዙ ተማሪዎች የድኅረ ምረቃ ሥራ የሚሆን ጥናት ይወጣዋል። ናሙናውን በአግባቡ መጠበቅ፣ የሙቀትና የርጥበት መዝገብ በትጋት መያዝ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ነገር ነው። ውድ መሣሪያ የሚጠይቀው ክፍል በትብብር ሊሠራ ይችላል፤ ጥያቄውን የሚያነሡትና ውጤቱን የሚተነትኑት ግን የእኛ ሰዎች መሆን አለባቸው።

ሦስተኛ፣ ጠባቂዎቹ አይዘንጉ። በሸካ ኮቦ በሚባለው ባህላዊ የደን ይዞታ ሥርዓት ቤተሰቦች ቀፎ የሚሰቅሉበትን የደን ክፍል ከአባት ወደ ልጅ እያስተላለፉ ጠብቀው ኖረዋል። ተመራማሪ ማብሪያ ብሎ የሚጠራውን ነገር እነርሱ በስሙ አያውቁት ይሆናል፤ ቶሎ የሚያብበውን፣ በድርቅ ቅጠሉን የማያራግፈውንና በሽታ የማይደፍረውን ዛፍ ግን ለይተው ያውቃሉ። የጄኔቲክ ሀብትን ተደራሽነትና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ለእነዚህ ሰዎች የጥቅም ተካፋይነት መብት ሰጥቷል። ዛሬ የዲ.ኤን.ኤ. ቅደም ተከተል በኮምፒውተር አማካይነት ድንበር በሚሻገርበት ዘመን ይህ መብት በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር ሳይንቲስቱም፣ የሕግ ባለሙያውም፣ አስተዳዳሪውም በአንድነት ሊመክሩበት ይገባል። ደኑን ያቆየ ሰው ከደኑ ካልተጠቀመ ነገ ደኑን የሚያቆይበት ምክንያት አይኖረውም።

በሳይንስ ትምህርት ውስጥ ያለን ሁሉ የማስተማር ድርሻም አለብን። ተማሪዎቻችን ዝግመተ ለውጥን ሲማሩ ዘረመል ተለወጠ፣ አዲስ ዝርያ ተፈጠረ ከሚለው አጭር መግለጫ አልፈው፣ አንድ ዘረመል በሌላ ሰዓትና በሌላ መጠን ሲሠራ ምን እንደሚከተል ቢያጠኑ ጥቅሙ ብዙ ነው። ለዚህ የሚሆነው ምሳሌ በባሕር ማዶ ብቻ አይደለም ያለው። የባሕር ጃርትን ጽንስ በመጽሐፍ ሥዕል ያዩ ተማሪዎች የቡናን ቅጠል ከጌጫና ከቴፒ ቆርጠው ሊያነጻጽሩ ይችላሉ።

ኤሪክ ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. በ2015 እስከሞተበት ዘመን ድረስ የአንዲትን እንስሳ ጽንስ ማብሪያዎች አንድ በአንድ ሲመረምር ኖሯል። አገራችን ደግሞ ምርምሩ ገና ያልተጀመረ፣ ነገር ግን በየዓመቱ የሚመነጠር የጫካ ቡና አላት። የመመንጠሩ ፍጥነት ከምርምሩ ፍጥነት እንዳይበልጥ የሚመለከታቸው ሁሉ ዛሬውኑ ሊነሡ ይገባል እንላለን።